በየአራተኛው ዛፍ ሥር

ቦንጋ፣ ጥር 8 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልዑልቃል፣

በዚያ በረሃ አገር ጤናህ እንዴት ነው? እኛ፣ ለአምላክ ምስጋና ይሁንና፣ አለን።

እዚያ ለምትሠራበት ከተማ የነደፍከው የመናፈሻ ፕላን ከማብራሪያው ጋር ደርሶናል። እውነቱን ልንገርህ፣ አስጠላኝ። ዛፎቹን እንደ ሱቅ ዕቃ ደርድረሃቸዋል። ሣሩ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ከሁሉ ያንገሸገሸኝ ግን የወፍ ድምፅ እንዲያሰማ ቅርንጫፍ ላይ የምትሰቅሉት ድምፅ ማጉያ ነው። አባባ ይህን ሳነብላቸው «ወፏን ማን ከለከላት?» ብለው ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ።

ለመናፈሻው እንዲረዳህ የማንኪራን ጫካ መንገድ ለክታችሁ ላኩልኝ ስላልክ ቅዳሜ ከአባባ ጋር ሄድን። ከዛፍ እስከ ዛፍ ዘጠኝ እርምጃ፣ አሥራ አንድ፣ ሰባት። እኩል የሚባል የለም። አባባ በየአራተኛው ዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር። «ንቦቹን ልስማ ብዬ ነው» አሉኝ። ዛፎቹ ላይ ግን ቀፎ አልነበረም። የእሳቸውንም ቀፎ ዘንድሮ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያወረደላቸው ጎረቤታችን አባተ ነው።

አንተ አግዳሚ ወንበር ያስቀመጥከው በየአርባው ዛፍ ነው። ሰው ጋደም እንዳይልበትም መሃሉ ላይ ብረት አድርገህበታል። ይህ ያንተ እጅ ሥራ ነው? አፈርኩብህ። በየአራተኛው አድርገው። ብረቱንም አንሳው።

አባባ «መናፈሻው በስንት ወር ያልቃል? ሲያልቅ እመጣለሁ ብሏል አይደል?» አሉኝ። ሁለት ዓመት ያልከውን ዋጥ አድርጌ «ከክረምት በፊት ይመጣል» አልኳቸው።

ውሸታም እንዳታደርገኝ።

ቤተሰቡ ሁሉ በናፍቆት ሰላም ብሎሃል።

እህትህ አልጣሽ