ሳልጨርሰው የሰጠሁት አራት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ጓዳው ድረስ በየተራ ይድረሳችሁ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ሳሉ ለቀቀህ? የእማዬ ጉልበት ብርዱን እንዴት ቻለው? አባዬስ መነጽሩን አስቀየረ ወይስ አሁንም ጋዜጣውን በክንዱ ልክ አርቆ ነው የሚያነበው? እኔ ከእግሬ እብጠትና ካንተ ኩርፊያ በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ አታነሳም። አባዬ ካርቱን ለሚለው ለጃፓኖቹ አኒሜ ነጥብ በምንሰጥበት የኢንተርኔት ገጽ ላይም ብሎክ አድርገኸኛል። ወረቀት ግን ብሎክ አይደረግም ብዬ፣ ወደ እናንተ የምትመጣ የሥራ ባልደረባ ሳገኝ ይህን ጻፍኩልህ። ብትቀደው እንኳ መጀመሪያ በእጅህ መያዝህ አይቀርም።

ሥራው ያው ነው። የሆቴል አንሶላ ከማሽኑ ትኩስ ትኩሱን ይወጣል፤ እኔና አንዲት ሴት ጫፍና ጫፉን ይዘን እናጥፋለን። ስንጠጋ ፊት ለፊት እንተያያለን፣ ስንርቅ አንሶላው ይጋርደናል። ሦስት ዓመት እንዲህ ስንተያይ ብዙም አላወራንም፤ ሁለታችንም ይደክመናል። አኒሜ የማየው ጠዋት አውቶቡስ ላይ ነው። የአንድ ክፍልና የመንገዱ ርዝመት እኩል ነው።

ማሽን የሚጠግነው ሰውዬ ቋንቋችንን ይናገራል፣ አኒሜም ያያል። ለሁሉም ከአሥር ሰባት ስለሚሰጥ ሰባቴ እለዋለሁ። ሰባት የፈሪ ነጥብ ነው፣ ከማንም አያጣላም ብዬ ስተርበው፣ አዎ እትዬ፣ እናንተ ደፋሮቹ ግን ይኸው በአራትና በአሥር ተኮራርፋችኋል አለኝ።

እንግዲህ ወደ ነገራችን ልምጣ። ታላቅ እህት በመርከብ ሄዳ ታናሽ ወንድሟ ወደብ ላይ ስለሚጠብቃት፣ ስለዚያ አሥራ ሁለት ክፍል አኒሜ ነው። አንተ አሥር ሰጠኸው። ነጥብ መስጠት ከጀመርክ ጀምሮ አሥር ያገኘ ሁለት ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ አራት ሰጠሁት። ለምን ብለህ ረጅም ጽሑፍ ጻፍክልኝ፤ የባሕሩ ቀለም፣ ሙዚቃው፣ የልጁ ማደግ በሸሚዙ እጅጌ ማጠር ብቻ መታወቁ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። እኔ ደግሞ በአንድ መስመር፣ የመጨረሻው ክፍል ወሬ በዛበት ብዬ መለስኩልህ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሰው አፉን እንደማይከፍት የነገረኝ ሰባቴ ነው። መፍቻውን እንደያዘ ሳቀና፣ እትዬ፣ ዝምታን ለፍላፊ ያልሽ የመጀመሪያዋ ሰው ነሽ አለኝ። አንተ ግን አልሳቅህም። እህቴ ያላየችውን አየሁ ትላለች ብለህ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ጻፍክ።

እውነትህን ነው። አሥራ አንድ አይቼ አሥራ ሁለት ጨርሻለሁ ብያለሁ። ሳትጨርስ ነጥብ አትስጥ ብዬ፣ ገና ልጅ ሳለህ እጅህን ቸብ ያደረግኩህ እኔ ነኝ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ነው የሆነው።

አሥራ አንደኛውን ያየሁት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። መርከቧ ከሩቅ ታየች፣ ልጁ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ አለቀ። ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ቢሮ ተጠራሁና የሁለት ዓመት ተጨማሪ ውል ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም። እዚያ የሚጠብቀኝ ሥራ እንደሌለ አንተም ታውቃለህ። ለበጋ እመጣለሁ ያልኩት ቀረ። በማግስቱ አሥራ ሁለተኛውን ልከፍት ብል ጣቴ እምቢ አለኝ። እህትየዋ እንደምትመለስ ለማወቅ ማየት አያስፈልገኝም። ተናድጄ አራት ሰጠሁና ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። አኒሜውን አልመዘንኩትም፤ ቀጣሁት።

አንተም ስለ ሥዕሉና ስለ ሙዚቃው ብዙ ጻፍክ። አሥሩን ለምን እንደሰጠህ ግን አልጻፍክም። እኔም አልጠይቅህም።

አራቱን አጥፍቼዋለሁ። አሁን ዝርዝሬ ላይ አሥራ አንድ ከአሥራ ሁለት ይላል፣ የነጥቡ ቦታ ባዶ ነው። አንተ ግን አሥርህን ለማንም ብለህ እንዳትቀንስ፤ ለእኔም ብለህ።

የሁለቱን ዓመት ነገር እማዬ አልሰማችም። ንገርልኝ አልልህም፣ የራሴን ሸክም ራሴ አወርዳለሁ። እሑድ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን አንሳና ስጣት፤ ከዚያ ተነስተህ አትውጣ፣ አጠገቧ ቁጭ በል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። አባዬ ያ ካርቱን ገና አልለቀቃችሁም ወይ ካለህ፣ አልለቀቀንም በለው። ለአክስታችን፣ የሠራችልኝ ሹራብ ይሞቃል፣ ቀለሙ ግን ያስቃል በልልኝ፤ እሷ አትቀየምም። ከጓሮ ለተከራዩት መምህርም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አንተን በወረቀት አልስምህም። እሑድ ሃሎ ካልከኝ ይበቃኛል።

እህትህ

ከልብስ ማጠቢያው ሠራተኞች መኝታ ቤት
ሐሙስ፣ ጥር ፲፬ ቀን