ዘርፍ እና ዘረፋ፦ ስለ ደናችን ልኬት

ለተከበሩ የደን ዘርፍ አስተዋጽኦ ጥናት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ብዙ ከመቀመጥ ወገብዎን እንዳያምዎ፣ የቢሮዎም መስኮት ብርድ እንዳያስገባብዎ ከልቤ እመኛለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የእርስዎ ሪፖርት ቀጥ ያለ ነው፤ የተንጋደድነው እኛ ነን።

ገጽ አርባ አንድ ላይ «ከአካባቢው ሴቶች በደን ዘርፍ የተሰማራች አንዲትም አልተገኘችም» ብለው የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይህንኑ መሠረት አድርገው የደረቅ እንጨት መልቀሚያ ፈቃዳችንን ስለሰረዙልንና የደኑን በር ስለዘጉልን አመሰግናለሁ። ትከሻዬ ዕረፍት አግኝቷል፤ ምድጃዬም እንደዚሁ።

ቅሬታዬን እንደ እናንተ ወግ በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩. የላኳት ጠያቂ ጨዋ ልጅ ናት። ነገር ግን ዱላ የያዘውን የደን ጠባቂ ከጎኗ አቁማ «እማማ፣ በደን ዘርፍ ተሰማርተው ያውቃሉ?» ስትለኝ፣ እኔ «ተሰማራ» የሚለውን ቃል ከሬዲዮ የማውቀው ለሌባ ሲነገር ብቻ ስለሆነ፣ ዘርፍ ያለችውን ዘረፋ ብዬ ሰማሁት። «ኧረ ምን በወጣኝ!» አልኩ። ከእኔ ቀጥላ የተጠየቀችው ጎረቤቴ «ልጆቼን ይንሳኝ» ብላ ማለች። የወንድሜ ሚስት ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት «የላይኛው ሰፈር ሰዎች ይሆናሉ» ብላ ጠቆመች። በዚህ ሁኔታ ሃያ ሦስት ሴቶች አንድ በአንድ ከወንጀሉ ነጻ ወጣን።

፪. ልጅቷ መሐላችንን ሁሉ በትጋት የመዘገበችው ከጀርባዬ ያወረድኩት የጭራሮ ሸክም ላይ ተቀምጣ ነው። እንዳይወጋትም ነጠላዬን አንጥፌላት ነበር። ስትጨርስ መጻፍ እችል እንደሆነ ሳትጠይቅ የአሻራ ቀለሙን አቀረበችልኝ።

፫. ስህተቱን ለማሳረም ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ሳያመናጭቁ፣ በጣቴ የፈረምኩበትን ቅጽ አሳይተው፣ ቀጣዩ ልኬት ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ እንድመጣ መከሩኝ። ልጄ ከሞተ ወዲህ እኔ፣ ምራቴና የምታጠባው ሕፃን የምንኖረው ያንኑ ጭራሮ ሸጠን ነው። ሕፃኑ አምስት ዓመት እንዲታገስ ነግሬዋለሁ፤ መልሱን እንዳገኘሁ አሳውቅዎታለሁ።

፬. የሪፖርትዎ ሽፋን ላይ የሚያማምሩ ችግኞች አሉ። ያጠጣናቸው እኛ ነን፤ ውኃውን ከወንዝ በጀርባችን አምጥተን።

ቤቴ ተመልሼ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። አንዷን ፊደል ትንሽ ከፍ፣ ሌላዋን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው እንጂ ያው ናቸው። እኔስ ዘግይቼ የተማርኩ ነኝ፣ ባምታታ አይፈረድብኝም። እርስዎ ግን ያን ያህል ተምረው፣ ሃያ ሦስት ሴቶች እንጨት እንደተሸከሙ በአንድ አፍ «አላውቅም» ሲሉ ነገሩ ምንድን ነው ብለው አልጠየቁም። ደግሞ በሩ ከተዘጋ ወዲህ ሳስበው ሳስበው፣ የሰማሁት ልክ ሳይሆን አይቀርም።

የሚለኩት አይጥፋብዎ፣ የሚቆጥር ጣትዎም አይድከም እያልኩ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የታችኛው በር ጭራሮ ለቃሚ
(በጣቴ ሳይሆን በእጄ የፈረምኩ)

ማሳሰቢያ፦ በየዓመቱ በጋ ሳይገባ፣ ከደኑ የተነሳ እሳት ወደ ቢሮዎ እንዳይሻገር፣ ከግቢዎ ጀርባ ያለውን ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ የምንመነጥረው እኛ ነበርን። ማንም አላዘዘንም፣ እርስዎም እስከ ዛሬ የሚያውቁ አይመስለኝም። ዘንድሮ አልመነጥርም።