የማያስነጥስ ውሻ ፍለጋ

እሑድ፣ ኅዳር 8

ውሻ ሊገባ ነው! የሰማሁት ምሳ ላይ ነው፣ የሩዙን ሳህን ይዤ እንደቆምኩ። ሉጀይን አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ «ቃል ግባልኝ! ቃል ግባልኝ!» ትላለች፤ ባባ ይስቃል። በመጨረሻ «ደረትሽን የማያፍን ውሻ ካገኘሽ እሺ። ካላገኘሽ ግን ኸላስ፣ ሁለተኛ የውሻ ነገር እንዳታነሺብኝ» አላት።

ሉጀይን አሥር ዓመቷ ነው፤ የማዳም ሐናንና የባባ ፋህድ ብቸኛ ልጅ። አስም አለባት፤ የሚነፋው መድኃኒቷ ከቦርሳዋ አይለይም። አምና ድመት ነበረቻት። በሦስተኛው ወር ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገባች፣ ድመቷም ለዘመድ ተሰጠች። እስከ ዛሬ የድመቷን ፎቶ ትራሷ ሥር ታኖራለች። ስለዚህ ለእሷ ደስ ብሎኛል።

ለራሴ ግን ፈራሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? እኔም እንስሳ አይስማማኝም። ደብረ ሲና፣ እናቴ ቤት፣ በጎቹ ሲገቡ እኔ እወጣ ነበር። ድመቷ እዚህ በነበረች ጊዜ «ኤሲው ነው ማዳም»፣ «አቧራው ነው ማዳም» እያልኩ ነው የከረምኩት። ያልተናገርኩት ከታች ፎቅ ትሠራ የነበረችውን ልጅ ስላየሁ ነው። ሳል ያዛት፤ አሠሪዎቿ «በሽተኛ ነው የላካችሁልን» ብለው ለአስቀጣሪው ቢሮ መለሷት። የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ኮንትራቴ ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቶታል። እኅቴ ነርሲንግ የምትማረው በእኔ ነው።

እና አሁን፦ ውሻውን ማን ያጥባል? እኔ። ፀጉሩን ማን ይጠርጋል? እኔ። ማን ያስነጥሳል? ያው።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሉጀይን ከትምህርት ቤት እንደመጣች ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች። አዲስ ደብተር ይዛለች። ከታብሌቷ ላይ የውሻ ዓይነት እያየች ስሙን ትጽፋለች፤ ባባ ያተመላትን ፎቶ እኔ እየቆረጥኩ በሙጫ እለጥፋለሁ። ሽንኩርቱ ሳይከተፍ አንድ ሰዓት ሄደ።

ፑድል፦ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ የተጠቀለለ፤ ብዙ አይረግፍም ይላል።
ሽናውዘር፦ ጢም ያለው፣ የተቆጣ ሽማግሌ የሚመስል።
ማልቲዝ፦ ትንሽ፣ ነጭ፣ በየቀኑ መበጠር ያለበት። (እኔ የራሴንም ፀጉር በየቀኑ አላበጥርም አልኳት። ወንበሩ ላይ ወደቀች በሳቅ።)
ሃስኪ፦ በጣም ወደደችው፤ ግን የበረዶ አገር ውሻ ነው፣ እዚህ ጅዳ ምን በወጣው። ፀጉሩም እንደ ጥጥ ነው የሚበንነው። ሰረዝነው።
ሰሉቂ፦ የዐረብ አዳኝ ውሻ፤ አጭር ፀጉር፣ ቀጭን። «ይሄ የበላ አይመስልም» ብላ ገጹን ገለጠችው።

ከዚያ «ታዲ፣ አንቺ የቱን ትመርጫለሽ?» አለችኝ። እዚህ ቤት በቆየሁበት ዘመን ሁሉ የቱን እንደምመርጥ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

«የማይረግፈውን» አልኳት። እሱስ እውነት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ፑድል አየን። ባባ የሚያውቃቸው የውጭ አገር ባልና ሚስት ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው፤ ውሻቸውን የሚወስድላቸው ቤተሰብ ይፈልጋሉ። እኔ የሉጀይንን መድኃኒት ይዤ ተከተልኩ።

ስሙ ኮኮ። ነጭ ነው፣ ጠቦት በግ ይመስላል። ሉጀይን አብራው ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች፣ ፊቷን ላሳት። ማዳም በየአምስት ደቂቃው ጆሮዋን ልጅቷ ደረት ላይ ትለጥፋለች። ምንም የለም! ትንፋሿ ንጹሕ! ባባ «ማሻአላህ» እያለ ከውሻው ጋር ፎቶ ተነሣ።

እኔስ? መጀመሪያ ዓይኔ፣ ቀጥሎ አፍንጫዬ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ድምፁ እንዳይሰማ ውሃ ከፍቼ አስነጠስኩ። መኪና ውስጥ ግን የት ይገባል? ሹፌራችን ከሪም ባንግላዴሻዊ ነው፤ በዐረብኛ መቁጠር በደንብ ይችላል። አሥራ አንድ ድረስ ጮክ ብሎ ቆጠረልኝ። ማዳም ዞራ አየችኝ።

«አቧራ ነው» አልኩ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ነገ ሐኪም ያየዋል። ደኅና ከተባለ ቅዳሜ ይገባል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ዘይነባን አገኘኋት። ከጎናችን ሕንፃ ነው የምትሠራው፤ ጣሪያችንን የሚለየው አንድ አጭር ግንብ ነው። የወሎ ልጅ ናት። ሳፋ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ገበናዬን የምነግራት እሷን ብቻ ነው፤ ሁሉንም ነገርኳት።

«ወላሂ እኔ ብሆን የምፈራው ምራቁን ነው። የሰላት ልብሴን ነክቶብኝ ሰባት ጊዜ ሳጥብ ልዋል?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች። «ንገሪያት ለማዳምሽ።»

«ብትመልሰኝስ?»

«አብሽሪ ታዱዬ፣ አትመልስሽም። ልጇን የያዝሽላት አንቺ አይደለሽ?»

«ያቺ የታችኛዋም እኮ ልጅ ይዛ ነበር።»

የራሷን የአለርጂ ክኒን በግንቡ ላይ አቀበለችኝ፤ አንዱን ዋጥኩ። ምነው በቀረብኝ! የባባን ቶብ፣ ያን ረጅም ቀሚሱን፣ ስተኩስ ቆሜ አንቀላፋሁ። ነጩ ቶብ ጀርባ ላይ ቡናማ የካውያ ቅርጽ፣ ቁልጭ ብሎ። ማዳም አየችውና «ታደለች፣ ምን ሆነሻል?» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከነቤተሰቡ ሁላችንም ኮኮን ይዘን የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ዶክተሩ ሱዳናዊ ናቸው፣ ሽበታም። ገዳሪፍ ሲያድጉ ጎረቤቶቻቸው ሐበሾች ነበሩ፤ እኔን ሲያዩ «እንደምን ነሽ?» አሉኝ በአማርኛ። ሉጀይን ደብተሯን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋች።

«አለርጂ የማያመጣው የቱ ነው?»

«እንደዚያ የሚባል ውሻ የለም፣ ልጄ» አሏት። «ጣጣው ፀጉሩ ብቻ አይደለም። ከቆዳው የሚረግፍ ብናኝ አለ፣ ምራቁ አለ። ፑድል ብዙ ስለማይረግፍ ብናኙ እንደሌላው ቤቱን አይሞላም፤ ለብዙ ሰው ይስማማል። ግን ላንዱ የተስማማ ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ዓይነቱን ከደብተርሽ ምረጪ፤ ውሻውን ግን አብራችሁት ተቀምጣችሁ ነው የምትመርጡት። ሦስት ቀን ሞክሩት።» ከዚያ ቀና አሉ። «ለመሆኑ አብሮት የሚውለው ማነው?»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ይህን ጊዜ አስነጠስኩ። ለዚያውም እንዴት ያለ ማስነጠስ! ኮኮ እንኳን ደንግጦ ከምርመራ አልጋው ወረደ።

ዶክተሩ ዓይኔን አይተው በአማርኛ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ። በዐረብኛ ቢጠይቁኝ አቧራ እላቸው ነበር። በአማርኛ ውሸቱ አልመጣልኝም።

«ከልጅነቴ» አልኩ።

መኪና ውስጥ ማዳም «ለምን ደበቅሽን?» አለች። «ትመልሱኛላችሁ ብዬ» አልኳት። ሉጀይን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅስ ነበር። ኮኮን ወደ ባለቤቶቹ መለስነው። የልጅቷን ውሻ የወሰድኩባት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው ዛሬ። ቤቱ ባዶ ነው።

ከትምህርት ቤት መልስ ሦስቱም መካ ሄዱ፣ የባባ እናት ዘንድ። ሉጀይን ሲቲ ትላቸዋለች፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ እኔም እንደዚያው። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ መካ አልገባም፤ ሁልጊዜ ቤት ጠባቂ ነኝ። ሌላ ጊዜ ይህ ቀን የእኔ ነው፦ መዝሙሬን ከፍ አድርጌ ከፍቼ፣ እግሬን ሶፋው ላይ ሰቅዬ። ዛሬ ግን ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ። ከመውጣታቸው በፊት ማዳም ስልክ ላይ «መክተብ» ስትል ሰምቻለሁ። ቢሮ ማለት ነው። እኔን ያመጣኝንም ቢሮ መክተብ ነው የምንለው።

ወጥ ቤት ቆሜ ጸለይኩ። ለሉጀይን የሚሆናት ውሻ፣ ለእኔ ስምንት ወር። ሌላ አልጠየቅኩም።

አርብ፣ ኅዳር 13

ዛሬ የሆነውን በተርታው ልጻፈው።

ጠዋት ከሪም ደወለ። «ማዳም ላከችኝ። ሹመይሲ። ኢቃማሽን ያዢ። ያላ!» ብሎ ዘጋው። ዐረብኛው ከዚህ አይዘልም።

ሹመይሲ! ከጅዳ ወደ መካ መንገድ ላይ ነው፤ ወደ አገር የሚጠረፉ ሰዎች የሚታሰሩበት። ይህን ስም ሰምቶ የማይደነግጥ ሐበሻ እዚህ ከተማ የለም። ማዳም ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ አይሠራም። የባባም። ኢቃማዬን፣ መኖሪያ ፈቃዴን፣ ጡቴ ሥር ከተትኩ። ሦስት ቀሚስ፣ ነጠላዬን፣ ለእኅቴ የገዛሁትን ጫማ፣ ሉጀይን የሣለችኝን ሥዕል፣ ይህን ደብተር። ሻንጣው በአሥር ደቂቃ ሞላ። ዘይነባ ከጣሪያው ቁልቁል እያለቀሰች «ስትደርሺ ደውይልኝ! አላህ ይጠብቅሽ!» ትላለች፣ ሰፈሩ እስኪሰማ።

መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ከሪም ሶፍት አቀበለኝና በሐዘኔታ «አለርጂ?» አለ። ይህችን ቃል ሰሞኑን ነው የተማራት።

የመካ መግቢያ ፍተሻው ጋ ከመድረሳችን በፊት ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ኮረኮንች መንገድ ገባ። አንድ የእርሻ ግቢ በር ተከፈተ። ሉጀይን እየሮጠች መጣች።

«ታዲ! ታዲ! የሲቲ ወንድም ውሾች አሉት!»

ወረድኩ፣ ከነሻንጣዬ። ማዳም ከዛፉ ጥላ ሥር ተነሥታ መጣች። ሻንጣውን አየች፣ ዓይኔን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሻንጣውን ወደ ኋላዬ ሳብኩት።

«ከሪም፣ ምን ብለሃት ነው?»

«ሹመይሲ» አለ ከሪም፣ መልእክቱን በትክክል እንዳደረሰ ሰው ደረቱን ነፍቶ።

ማዳም እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ልንመልስሽ መሰለሽ?»

«መክተብ ስትደውዪ ሰማሁ።»

«የፋህድ መሥሪያ ቤት እኮ ነው! ዛሬ ዓርብም ቢሆን ተረኛ ስለነበር እንዳይገባ ፈቃድ ልጠይቅለት!» ስልኳን አሳየችኝ። «እዚህ ኔትወርክ የለም፤ ከሪምን የላክሁት ለዚህ ነው። ራሴ መምጣት ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ ታደለች።» ሻንጣውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ተሸክማ መኪናው ውስጥ መልሳ አስገባችው። ማዳም ዕቃ ስትሸከም ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ሲቲ የውሻ ነገር ሲነሣ «በልጄ ቤት ውሻ? በፍጹም!» ብለው ነበር። ሉጀይን ደብተሯን ስትገልጥ የሰሉቂው ፎቶ ላይ ሲደርሱ ግን ደብተሩን ከእጇ ወሰዱ። የአባታቸው ድንኳን ውስጥ ያደገ ሰሉቂ ነበር። «ይሄማ ሌላ ነው» አሉ። ወንድማቸው እስከ ዛሬ ያረባል፤ እርሻው ደግሞ ከመካ ክልል ውጭ ነው፣ እኔም መግባት የምችልበት። የመጡት እኔ እንድሞክር ነው። እኔ!

ሰሉቂዋ ሪም ትባላለች። አራት ዓመቷ ነው፤ እግረ ረጅም፣ ወገበ ቀጭን፣ ፀጉሯ እንደ ከፋይ አጭር። ሉጀይን ከደብተሯ እንደ አስተማሪ አነበበችልን፦ ሽታዋ ትንሽ፣ ጸጥተኛ፣ ከልጅ ጋር ገር፣ ግን በየቀኑ መሮጥ አለባት። ባባ «ጠዋት ጠዋት እኔ አስሮጣታለሁ» አለ። ሲቲ ሆዱን አይተው «ለአንተም ይበጅሃል» አሉት።

ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፣ ሪም በእኔና በሉጀይን መካከል። ሰው ሁሉ የሚያየው አፍንጫዬን ነው። አሥር ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት። ድንገት ኃይለኛ ማስነጠስ! ሁሉም ተነሡ። ሲቲ ናቸው፤ «ምን ታያላችሁ፣ እኔም አፍንጫ አለኝ» አሉ። እስኪያመን ሳቅን።

አንድ ሰዓት ሞላ። እኔ ምንም። የሉጀይን ደረት ምንም። ባባ ግን «ይሄ ሜዳ ነው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሊሆን ይችላል» አለ። ዶክተሩ እንዳሉት ሦስት ቀን እንሞክራታለን።

ዘይነባ ስደውልላት መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ቀጥላ «እንባዬን በከንቱ!» ብላ ሰደበችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሪም ከገባች አምስት ሰዓት ሆነ።

ማዳም ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፋለች። ሪም መኝታ ክፍል አትገባም። ባባ ጣሪያ ላይ ያበጥራታል። ታደለች አታጥባትም። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባባ ዛሬ ሊያበጥራት ይዟት ሲወጣ ዘይነባ በግንቡ ላይ አይታት ሦስት ክንድ ወደኋላ ሸሽታ «ይቺ ውሻ ናት ሚዳቋ?» አለችኝ። የተሰጣ ልብሷን ግን እንዳትነካባት ሰብስባ አነሣች።

ነገ ጾም ስለሚገባ ምሳዬን በሥጋ አደረግሁ። ሪም ዓይን ዓይኔን እያየች አብራኝ ዋለች። አልጮኸችም፣ አልለመነችም፤ ዝም ብላ እንደ እንግዳ ተቀምጣ። ሉጀይን ሳሎን ወለል ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ መድኃኒቷን ዛሬ አልነካችውም።

አሁን፣ ይህን ስጽፍ፣ ግራ ዓይኔን አሳከከኝ። ውሃ ልከፍት ተነሥቼ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ማዳም!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዓይኔን እያሳከከኝ ነው!»

ሳሎን ውስጥ ሉጀይን እርሳሷን አስቀመጠች።

«ሁለቱንም?» አለች ማዳም።

«ግራውን ብቻ።»

«ሽንኩርት ከትፈሻል?»

«ከትፌያለሁ።»

«እንግዲያው ታጠቢውና ነገ እናያለን» አለች፤ መስኮቱን ስትከፍተው ተሰማኝ።