ጀርባዋ ላይ ያለው ስም

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4፣ ማታ

ዛሬም አሸነፍን። ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ሄድኩ። ደንበኛ ከቀረ ይቅር፤ እዚህ አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ውስጥ ዳቦ የምሸጥ እኔ ብቻ አይደለሁም። ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ ከከተማው ዱርንፎንቴን ሰፈር በእግሬ፣ ነፋሱ አቧራውን ዓይኔ ውስጥ እየሞጀረ። የቅርጫት ኳስ ጂሙ ስገባ ተጫዋቾቹ እያሟሟቁ ናቸው። ምህረት አየችኝ፤ ያላየች መሰለች። እንዲህ ናት። ጨዋታ እስኪያልቅ አክስት የላትም።

ደብተር፣ ለአንቺ ልንገርሽ፤ ሌላ ማን ይሰማኛል። ልጅቷ የምትሠራው ቅርጫቱ ሥር ነው። ነጥብ አታበዛም። የሳተ ኳስ ግን የእሷ ነው። ሌሎቹ እየዘለሉ ይተሻሻሉ፤ እሷ ቀድማ ቦታ ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። የመጣው ይጋጫታል፤ ተመልሶ ይሄዳል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ነው የቆምኩት። ለእኔ ያጨበጨበ የለም እንጂ።

አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ማልያዋ ጀርባ ላይ “ሐንዲሶ” ይላል። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ምህረት የሚላት የለም። ድምፅ ማጉያ የያዘው ልጅ “ሃን-ዲ-ሶ!” እያለ ይጎትተዋል፤ ጂሙ ተቀብሎ በእግሩ ወለሉን ይደበድባል። ሐንዲሶ ወንድሜ ነው፤ አባቷ። እናቷ በወሊድ ሞታ፣ ልጅቷ የወተት ጥርሷን ሳትነቅል፣ “ለጥቂት ጊዜ ያዢልኝ” ብሎኝ ሌላ ሴት ተከትሎ ኬፕ ታውን የገባው ሰውዬ። የእሱ ስም በጭብጨባ ይጠራል። በሌለበት።

አጠገቤ የምትቀመጠው ማ ኖምሳ (ልጇ ኳስ አቀባይዋ ናት) ስሙ የዙሉ መስሏት ነበር። የሆሳዕና ነው አልኳት። ሆሳዕና የት ነው አለች። ሩቅ ነው አልኳት።

እኔ “ምህረት!” ብዬ እጮሃለሁ። ብቻዬን።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ዕቃ ልጭን ከተማ ወረድኩ። ጋሽ ተሾመ መጋዘን። የሀገራችን ሰዎች ሁሉ ዕቃ የምንወስደው ከእሱ ነው፤ ስንጣላም አስታራቂው እሱ ነው። ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቀነው። ቪዲዮ። ምህረት ኳስ ስትነጥቅ፣ ሕዝቡ ሐንዲሶ ሲል። ሆሳዕና ድረስ ደርሷል አለ። የማን ልጅ መሰለችሽ፣ የሐንዲሶ እኮ ናት፣ አለኝ። ለእኔ! እኔ ያጠብኳትን ልጅ ለእኔ ያስተዋውቀኛል።

ዘይቱን ጫንኩና ወጣሁ። ደህና ዋል አላልኩትም።

በታክሲ ውስጥ ግን ቪዲዮውን ለብቻዬ ከፍቼ አየሁት። ደጋግሜ። ድምፁን አጥፍቼ።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 18፣ ማታ

ተሸነፍን። ፕሪቶሪያ ድረስ ሄደን። ዳኛዋ ዓይን የላትም። ምህረት ፋውል ሞልቶባት በአራተኛው ሩብ ወጣች፤ ፎጣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። የዚያ ሰፈር ደጋፊዎች ከጀርባችን፣ ወደ ስደተኞቹ ሰፈር ሂልብሮው ሄዳችሁ ሙዝ ሽጡ ይሉናል። ማ ኖምሳ ዞራ በዙሉ አንድ ነገር አለቻቸው። ምን እንዳለች አልነገረችኝም። ዝም አሉ።

ስንመለስ ምህረት ከቡድኑ አውቶብስ ወርዳ ከእኔ ጋር ታክሲ ያዘች። ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ። ረዥም ስለሆነች አንገቷ ይታጠፋል። ክርንሽን ታበዢዋለሽ፣ እጅሽን ወደ ላይ አድርጊ፣ ብዬ ተቆጣኋት። እሺ አሰልጣኝ አለች። ሳቅን።

ከዚያ ነገረችኝ። የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ላይ፣ ዘንድሮ ትምህርታቸውን ጨርሰው የሚመረቁት ተጫዋቾች አንድ በአንድ እየተጠሩ ካሳደጋቸው ሰው ጋር ወደ ሜዳው መሐል ይወጣሉ። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ፤ ጊዜ የለም። አበባ ይሰጣል። ፎቶ ይነሳል። “አክስቴ፣ ትወጫለሽ አይደል?” አለችኝ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። እግሬን ያመኛል አልኳት። ቀስ ብለን እንሄዳለን አለች።

ደብተር፣ ምን ልልበስ?


ሐሙስ፣ ነሐሴ 23

ሐንዲሶ ደወለ። ዓመት ሙሉ ድምፁን ያላሰማ ሰው። “እቴዬ” አለኝ፣ በልጅነታችን እንደሚጠራኝ። ቪዲዮውን አይቶታል። አልቅሷል። ስሜን እንደዚያ ሲጠሩት ሰውነቴን ወረረኝ አለ። አሁን ይመጣል። የመጨረሻውን ቀንም ሰምቷል። አብሯት ሊወጣ ይፈልጋል።

ለእሷ ንገራት አልኩ። አንቺ ንገሪልኝ አለ። ከልጅነቱም እንዲህ ነው። ከባዱን ሁሌ ለእኔ።

ዘጋሁበት። ከዚያ አንድ ሙሉ ትሪ እንቁላል ስቆጥር ተሳሳትኩ።


እሑድ፣ ነሐሴ 26

ሽማግሌ ላከብኝ! ሦስት ሆነው ሱቅ ድረስ። ጋሽ ተሾመ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሦስተኛውን አላውቀውም፤ ቁጥር ለማሟላት ከመንገድ ያነሱት ይመስላል።

ተቀመጡ አልኩ። አንቀመጥም አሉ። ወጉን አውቀዋለሁ፤ እሺ እስክል አይቀመጡም። እንግዲያው ቁሙ አልኩ።

ልጅ የአባት ናት አሉ። ስሙን ተሸክማለች አሉ። አባቷ በሕይወት እያለ በሕዝብ ፊት አክስት ብትወጣ ውርደት ነው አሉ። እኔ ዳቦ ሸጥኩ። የስልክ ካርድም ሸጥኩ። አንዲት ደንበኛዬ ሽማግሌዎቹ ወረፋ የያዙ መስሏት ከኋላቸው ቆመች። ጋሽ ተሾመ ዞሮ፣ “እለፊ እናቴ፣ እኛ ለሌላ ጉዳይ ነን” አላት፤ በአማርኛ። ሴትየዋ በዙሉ ሰላምታ፣ ሳውቦና ብላው ቆመች።

በመጨረሻ ጉልበቱን ያዘ። “አንቺ አስቴር፣ ድንጋይ ነሽ እንዴ? እግራችን ሞተ እኮ!”

“ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ባንኮኒ ኋላ የቆምኩት ልጅቷ ከጉልበቴ በታች ሳለች ጀምሮ ነው። እስቲ እናንተም ቅመሱት።”

የማላውቀው ሰውዬ ሳቀ። ጋሽ ተሾመ ገላመጠው።

ግን ደብተር፣ ሽማግሌን በባዶ መሸኘት አልቻልኩበትም። አስብበታለሁ አልኩ። ወዲያው እንደ እሺታ ቆጥረው የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ፋንታ ጠጡ። መረቁኝ። ከሄዱ በኋላ ራሴን ጠላሁት። ማታ አንዷ የሀገሬ ሰው ደውላ፣ ለወንድምሽ በመልቀቅሽ ተባረኪ አለችኝ። ወሬው ከተማ ሲደርስ “ለቀቀች” ሆኗል።


ረቡዕ፣ መስከረም 1

ዓመቱ ገባ። ምህረት ከሂልብሮው መጣች፤ ከቡድን ጓደኛዋ ጋር የሚጋሩት ክፍል ውስጥ ውሃ ጠፍቶ ልብሷን ይዛ። አጠብኩላት። ማልያውን ለብቻው፣ በእጅ፣ ፊደሎቹ እንዳይላጡ። የወንድሜን ስም በሳሙና እያሸሁ።

ጉዳዩን ነገርኳት። ለካ እሱም ደውሎላታል። አባቴ ነው፣ አልጣላውም አለች። አንቺ ወስኚ አክስቴ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን። ደስ የሚል ነገር የተናገረች መስሏት ነው። ተናደድኩ። ለምን እኔ? እሷ ከጠራችኝ በኋላ ለምን እንደገና ራሴን ልጥራ? አልኳትም። አለቀሰች። እኔም ሳሙናውን ወረወርኩት።

አሁን ሄዳለች። ልብሱ ገመዱ ላይ ነው።

እውነቱን ልጻፍ። ወላጆቻችን ሁለታችንን ማስተማር ስላልቻሉ ሐንዲሶ ትምህርት ቤት ገባ፤ እኔ ቤት ቀረሁ። ምሳውን ይዤለት ስሄድ መስኮት ሥር ቆሜ ሲያነቡ እሰማ ነበር። እንዳኮርፍ እንኳን አልተፈቀደልኝም፤ ለወንድምሽ ልቀቂለት ተባልኩ፣ ለቀቅኩ። ፊደል የቆጠርኩት እዚህ ነው። ምህረት በልጅነቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ስትማር በር ላይ እጠብቃት ነበር። አስተማሪው ብርድ ነው ግቢ አለኝ። ከሕፃናት ጋር ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎ። መጀመሪያ የጻፍኩት ሙሉ ስም “ምህረት ሐንዲሶ” ነው። እጄን ይዛ ያጻፈችኝ ራሷ ናት። ያኔ ስሙ አላስከፋኝም።


ቅዳሜ፣ መስከረም 4፣ ማታ

አሸነፍን! ደግሞ እንዴት! ምድቡን ከሚመሩት ጋር እኩል ሆነናል። የሚቀረው የሳምንቱ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው፣ በሜዳችን። ምህረት የሳተውን ሁሉ ሰበሰበች። አንዴ ሦስት ሆነው ተንጠላጠሉባት፤ ኳሱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እንደ ሕፃን፣ አልሰጥም አለች። ድምፄ ጠፍቷል። ማ ኖምሳ የወገቧን ብርድ ልብስ ፈትታ አውለበለበች።

እሱም መጥቷል። ከእኔ ሁለት ረድፍ በታች። ሸብቷል። ከስቷል። ጃኬቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ድምፅ ማጉያው “ሃን-ዲ-ሶ!” ሲል ምን አደረገ መሰለሽ? ተነሣ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሕዝቡ ጎንበስ አለ። የተጠራው እሱ መስሎት! ሰዎች ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔ በሃፍረት መሬት ውስጥ ልገባ። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ሌላኛው ቡድን ሲያገባ ዘሎ አጨበጨበ። “ቁጭ በል አንተ! የእነሱ ነው!” ብዬ ጮህኩ። ይህ ነው እንግዲህ ለወንድሜ ፊት ለፊት ያልኩት የመጀመሪያ ቃል፣ ከስንት ዘመን በኋላ።

ሲያልቅ ውጭ ጠበቀኝ። ልጣላው ተዘጋጅቼ ነበር። አልተከራከረም። “እቴዬ፣ አንቺ ሁልጊዜ አለሽ። ለእኔ አንድ ቀን ብቻ” አለኝ።

ታክሲ መጣ ብዬ ሄድኩ። አልመጣም ነበር።


እሑድ፣ መስከረም 5

አንድ ቀን ብቻ። ጧት ጸሎት ላይም ይህንኑ ስሰማ ነበር። እውነት አለው? አንድ ቀን ምንድን ነው? ሜዳው መሐል ደርሶ መመለስ ነው። አበባውን ይያዝ። ፎቶውን ይነሳ። እኔ ምን ይጎድልብኛል?

እንዲህ ብዬ ጽፌ ሱቅ ከፈትኩ። እስከ ምሳ እንኳን አልቆየልኝም። ይጎድልብኛል። ይጎድልብኛል!


ሐሙስ፣ መስከረም 9

ለጋሽ ተሾመ ደወልኩ። አሰብኩበት አልኩት፤ አለቅም። እንዴ፣ እኛ ቃል ሰጥተን አለ። ቃሉን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ አልኩት። አስቴር፣ ሰው ምን ይላል? አለኝ። ሰው ያለውን በሙሉ በዕድሜዬ ሰምቼ ጨርሻለሁ ጋሼ አልኩት። ከዚያ ሳል አለ። “ለነገሩ ሦስተኛው ሰውዬ ያን ቀን መኪና ውስጥ፣ ልክ ናት ብሎ ነበር” አለኝ። እስከ ዛሬ ስሙን አልነገረኝም።

ለሐንዲሶ ግን ራሴ ነገርኩት። ሽማግሌ አልላክሁም። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ እንዳልክደው። ትምህርት ቤቱን ለቀቅኩልህ። ቤቱንም። ልጅቷ ትኩሳት የያዛት ሌሊቶች እንቅልፉን ለቀቅኩልህ። ይህን አለቅም። ስሙ የአንተ ነው፣ ማንም አልፋቀው፤ ስሙን የተሸከመውን ጀርባ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ድምፄ ግን ቀስ ያለ ነበር።

ስልኩ ላይ ትንፋሹ ይሰማል። ዘጋ ብዬ ስጠብቅ፣ መቀመጫ ይኖራል ወይ አለኝ።

ማ ኖምሳ አጠገቧ ታስቀምጥሃለች አልኩት። መቼ እንደሚጨበጨብ ትነግርሃለች።


ቅዳሜ፣ መስከረም 11፣ ጠዋት

አልተኛሁም ማለት ይቻላል። አረንጓዴውን ቀሚስ ነው የለበስኩት። ሰፈሩ ሰምቷል፤ ዳቦ ሊገዙ የመጡ ልጆች ማማ ኢስተር ተሽሞንሙናለች አሉ፤ አንዱ ሠርግሽ ነው ወይ ብሎ ሣቀብኝ። አዎ አልኩት።

ምህረት ደወለች። ስሟን የሚጠራው ልጅ፣ አብራት የምትወጣው ሴት ምን ተብላ ትጠራ ብሎ ጠይቋታል። “እናቴ ናት ልበለው አይደል?” አለችኝ። ስጦታ ልትሰጠኝ ነው።

አይሆንም አልኳት።

እናት አይደለሁም። እናትሽ አንቺን ስትወልድ የሞተች ሴት ናት፤ የእሷንማ አልወስድም። ያጠብኩሽ አክስት ሆኜ ነው። ስታቃዢ የነቃሁት፣ ትምህርት ቤት ተጠርቼ የተሰደብኩልሽ፣ የመጀመሪያውን ጫማ ከዱርንፎንቴን የገዛሁልሽ፣ ያን ሁሉ አክስት ሆኜ ነው። ማንም ግዴታ አልጣለብኝም። ስለዚህ በሕዝቡ ፊት አክስት ይበሉኝ። አክስቷ አስቴር። ጮክ ብሎ።

ከዚያ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። እሺ አሰልጣኝ፣ አለች።

ከሐንዲሶም መልእክት አለ፤ ከንጋት ጀምሮ በር ላይ ነው፣ ገና ጂሙን አልከፈቱም። የማይረባ። ብርድ ሊመታው ነው። ዳቦ ልያዝለት።

የማ ኖምሳ ባል መኪና አቁሞ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ሱቁ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው። እግሬን አያመኝም። ደብተር፣ ስቸኩል ፊደሉ ተበላሸብኝ፣ አንብቢው እንጂ፤ የምወጣው እኔ ነኝ፤ እኔ፣ አክስቷ አስቴር።