ሐኪሟ የጠየቀችኝ

ለምወድሽ እህቴ ሩሚያ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምሽ? ሐይቅ እንዴት ናት? የእማ ጉልበትስ ተሻላት? ዶሃ እንደ እሳት ትፋጃለች፤ ሹግሉም፣ ሥራው ማለቴ ነው፣ ያው እንደተለመደው ነው።

አንቺ ጉድ! የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጡ ትምህርት ቤታችሁ ሲመጡ አጥር ዘለሽ አመለጥሽ አሉ። መኻን ያደርጋል ብሎ የነገረሽ ማን ነው? እኔም አልተከተብኩም፤ በእኛ ጊዜ ግን ክትባቱ አልነበረም።

ባለፈው አሠሪዬ ማዳም አንሶላዬ ላይ ደም አይታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ በአረብኛ «ተጥዒም?» አለችኝ። እዚህ ምግብ ቤቱን መጥዓም ስለሚሉት፣ በላሽ ወይ ያለችኝ መስሎኝ «አዎ፣ በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳት። አልሳቀችም። ለካ በልጅነትሽ ተከትበሻል ወይ ማለቷ ኖሯል፤ ያንኑ አንቺ የሸሸሽውን።

ከዚያ ወዲህ ማዳም አትጮህብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አርብ እረፍት ወጥቼ አል ሙንተዛህ በሚባለው ሰፈር ሳልፍ፣ በየምግብ ቤቱ በር ላይ ያ መጥዓም የሚለው ቃል ተጽፎ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

ሩሚዬ፣ ቢከፋሽም ባይከፋሽም፣ ተመልሰው ሲመጡ ክንድሽን ስጫቸው። ኢንሻአላህ አንድ ቀን አግብተሽ የእኔንም ድርሻ ትወልጃለሽ።

አላህ ይጠብቅሽ። እማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጤናዬን ከጠየቀችሽ፣ በልታ ጠግባለች በያት።

እህትሽ ዘምዘም