በዝናብ የተዘጉ ሰዓቶች

ጎፋ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀማሉዲን፤

«ለምወድህ ባለቤቴ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። ስልክህን የማላነሳው አባትህ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ስለሚቀመጡ ነው። አንተን ደግሞ በሹክሹክታ መቆጣት አልችልበትም።

በላክኸው መልእክት ወርክሾፑን ዘግተሽ ድሬዳዋ ነይ ብለሃል። ሙቀቱ ለእጅ ሰዓት ሥራ ይስማማል አልክ። ይስማማል እንጂ። እርጥበት በሌለበት አገር ጥፋትህን ማን ያይብሃል?

እኔ ግን አልረሳሁም። የአባትህ ሕግ አንድ ናት፤ ክረምቱን የሰዓቱን ማሽን እንገጣጥማለን፣ ቆጣሪዎቹን እንተክላለን፣ ብርጭቆ ደፍተንበት እናቆየዋለን። የጀርባው ክዳን የሚዘጋው ከመስቀል በኋላ ፀሐይ ጠረጴዛውን ስታሞቀው ነው። አንተ ለአምናው እንቁጣጣሽ ገበያ ይድረስልኝ ብለህ፣ እሳቸው ለጁምዓ በወጡበት፣ እኔም ምሳ ላቀርብ ቤት በገባሁበት፣ በዚያ የነሐሴ ዶፍ ሁሉንም ዘጋሃቸው። ሰዓቶቹ መስታወታቸው ከውስጥ ጤዛ ይዞ፣ ማሽናቸው ዝጎ ከገዢ ሲመለሱ አባትህና ደንበኛ ፊት ቆመህ «ሙፊዳ ናት የዘጋቻቸው» አልክ። ባሌን በአባቱ ፊት ላዋርደው አልፈለግኩም፤ ዝም አልኩ። አንተ በወሩ ሻንጣህን አንስተህ ሄድክ።

እኔ ከእሳቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አንገቴን ደፍቼ ዓመት ሠራሁ። እስከ መካኒሳ ድረስ «እርጥብ የምትዘጋዋ» ተባልኩ። በጣም ጠልቼሃለሁ።

ትናንት ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ክዳን መዝጋት ጀመርን። አባትህ ወረንጦውን አስቀምጠው እጄን ሲያዩ ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ ስትዘጊ ጭረት አታስቀሪም። አምና የተመለሱት ሁሉ ጠርዛቸው ተጭሮ ነበር። የዘጋቸው ልጄ መሆኑን ያኔውኑ አውቄያለሁ። ራሱ እስኪነግረኝ እየጠበቅኩት ነው። እንዳትነግሪው።»

እያወቁ ዓመት ሙሉ። በእሳቸውም ተናደድኩ። ያንተን ኩራትም የእሳቸውን ትዕግሥትም የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሳላቸው ግን በዚህ ክረምት ብሶባቸዋል፤ ብዙ የሚጠብቁ አይመስለኝም።

ድሬዳዋ አልመጣም። አንተም ለአባትህ እውነቱን ሳትናገር የዚህን ቤት ደጃፍ እንዳትረግጥ። አላህ ጤና ይስጥህ፤ ምላስህንም ይፍታልህ።

ይህን አንብበህ ቅደደውና ዛሬውኑ ደውልላቸው። ስትነግራቸው ግን፣ እባክህ፣ ከራስህ የመጣ አስመስለህ ንገራቸው።

ሙፊዳ