ይፋት መንገሻ፦ የዓርብ ከሰዓት ሬዲዮ አቅራቢ

ወ/ሮ ይፋት መንገሻ ከአባታቸው ከአቶ መንገሻ ፈንቴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አረጋሽ እ.ኤ.አ. በ1988 በአፉላ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከጎንደር ተነስተው በሱዳን በኩል ወደ ቅድስት አገር ከገቡ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ያደጉት በከተማዋ የላይኛው ሰፈር፣ አፉላ ኢሊት ነው። ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው፣ ባግሩት የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና አልፈው፣ በ2006 ወደ ሠራዊቱ ገቡ፤ በመገናኛ ክፍልም አገለገሉ። አባታቸው ነርስ እንዲሆኑላቸው ይፈልጉ ነበር። እሳቸው ግን ሃይፋ ሄደው የሬዲዮ ሥራ ተማሩ። አባትየው ተቀየሙ፤ ለብዙ ጊዜም ስለ ሥራቸው አልጠየቋቸውም።

በ2012 ሃይፋ በሚገኝ አንድ የወጣቶች የሙዚቃ ጣቢያ ተቀጠሩ። መጀመሪያ በአውቶቡስ፣ በኋላም በባቡር ከአፉላ ተመላለሱ። ሌሎቹ አቅራቢዎች እየጮኹና እየተሳሳቁ ሲያቀርቡ እሳቸው ዝግ ብለው ይናገሩ ነበር። በዘፈን ላይ አያወሩም። ራፕም ይሁን ሬጌ፣ የዘፋኙን ስምና ሰፈር ተናግረው ዝም ይላሉ። ጣቢያው ከሚመርጣቸው ዘፈኖች መካከል ማንም ያላወቃቸው የሰፈር ልጆች የሠሩትን ያስገቡ ነበር። ያልወደዱትን ግን የዘመድ ልጅ ቢሠራውም አያስገቡም። የአጎታቸው ልጅ በዚህ የተነሳ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈ ነው።

በ2014 ከአቶ አቪራም ጋር ተጋብተው ኦሪያንና ተሂላን ወለዱ።

በ2019 የካቲት ወር ወ/ሮ ምንይሹ የተባሉ የአፉላ ኢሊት እናት ወደ ስቱዲዮ ደወሉ። ልጃቸው ኤሊኦር ተጣልቷቸው ቴል አቪቭ ከገባ ወዲህ ስልካቸውን አያነሳም ነበር። በጣቢያው ደንብ ከሰላምታ ያለፈ አማርኛ በአየር ላይ አይነገርም። ወ/ሮ ይፋት መስመሩን ከፈቱላቸው።

«ልጄ አንቺን እንደሚሰማ አውቃለሁ። እኔ ዕብራይስጡ አይሆንልኝም። እናትህ አልተቆጣችህም በይልኝ» አሉ እናትየው።

«እናቴ፣ እርስዎው ይንገሩት» አሏቸው።

እናትየው ተናገሩ፤ አለቀሱም። ምንም ሳይተረጎም ዘፈኑ ገባ።

በዚያ ሰዓት አቶ መንገሻ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው ሥራ ጨርሰው በሠራተኞች አውቶቡስ እየተመለሱ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። አጠገባቸው የነበሩት ሰው «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ሲሉ፣ አቶ መንገሻ «የኔ ናት» አሉ። የልጃቸውን ድምፅ በሬዲዮ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጣቢያው ወ/ሮ ይፋትን ከሥራ አገደ። ኤሊኦር ግን በዚያው ሳምንት ዓርብ በባቡር አፉላ ገባ። አድማጮች እየደወሉ ስላስጨነቁ ጣቢያው መልሶ ጠራቸው፤ ዓርብ ከሰንበት መግቢያ በፊትም ወላጆች በገዛ ቋንቋቸው ለልጆቻቸው ዘፈን የሚጋብዙበት ሰዓት ተሰጣቸው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ሩሲያኛና ዓረብኛ ተነገረበት። አቶ መንገሻ አንድም ዓርብ አላለፋቸውም። ራፑን ግን አልወደዱትም፤ ይህንንም ለልጃቸው ነግረዋቸዋል።

በ2024 ወ/ሮ ይፋት በጤና መድን ክሊኒካቸው በኩፓት ሆሊም በተደረገላቸው ምርመራ ካንሰር ተገኘባቸው። ጣቢያው ሕመማቸውን ለአድማጭ እንዲናገሩ ቢጠይቃቸውም አልፈለጉም። የመጨረሻውን ዝግጅት እንደ ሌላው ቀን አቅርበው ወጡ። ቤተሰቡም ቤት ሆኖ ሲሰማ የመጨረሻው መሆኑን አላወቀም።

ሆስፒታል ሳሉ አባታቸው «ሬዲዮ ልክፈትልሽ?» ብለው ጠየቋቸው። «ይቅር አባዬ፤ ዝም ብለን እንቀመጥ» አሉ። ተቀመጡ።

ኅዳር 11 ቀን 2025 በተወለዱ በ37 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ወላጆቻቸውና እህታቸው ሊዮራ በሕይወት አሉ።

ይህ ታሪክ ሲዘጋጅ አቶ መንገሻ ምን ይጻፍ ተብለው ተጠይቀው፣ «ሥራዋን በደንብ ትሠራ ነበር በሉ» ብለዋል፤ እንዳሉትም ተጽፏል።

የአባቶቻችን አምላክ ነፍሳቸውን ከሕያዋን ጋር ይቋጥራት፤ ልጆቻቸውን ያሳድግልን።